ተረታቸውን ያልመለሱ ሰዎች
ስለ ምሥጢራዊ ሤራ ልብ ወለድና ስለ ፈጠራ ዕዳ

በ1851 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሌዎን ፉኮ የተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ፣ በፓሪስ ከተማ ፓንቴዎን በተባለው ታላቅ ሕንፃ ጉልላት ሥር፣ 67 ሜትር በሚረዝም ሽቦ 28 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሉል አንጠለጠለ። ሉሉ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ፣ የመወዛወዣው አቅጣጫ በተመልካቹ ሕዝብ ፊት ቀስ በቀስ ሲዞር ታየ። በእርግጥ የዞረው ሉሉ አልነበረም፤ የዞረው ወለሉ፣ ከወለሉም ጋር ከተማይቱና ምድር በሙሉ ነበሩ። ምድር በዛቢያዋ ላይ እንደምትሽከረከር ሊቃውንት ቀድሞውኑ ያውቁ ነበር። የፉኮ ፔንዱለም አዲስነቱ፣ ይህንኑ እውነት ማንም መንገደኛ ገብቶ በገዛ ዐይኑ እንዲያየው ማድረጉ ነው። ፓሪስ ላይ ሙሉ ዙሩን ለመፈጸም 32 ሰዓት ያህል ይወስድበታል፤ አዲስ አበባ ላይ ቢሰቀል፣ ከተማይቱ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ ከ6 ቀን በላይ ይፈጅበታል። የልዩነቱን ምክንያት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በእርሳስና በወረቀት ሊያሰላው ይችላል። ይህን እውነት ለማወቅ መሐላ አይፈጸምም፤ የይለፍ ቃልም አይጠየቅም።

ከ137 ዓመታት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም.፣ በቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የምልክትና የትርጓሜ ጥናት መምህር የነበረው ኢጣሊያዊው ደራሲ ኡምቤርቶ ኤኮ (1932-2016)፣ «የፉኮ ፔንዱለም» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ለሁሉ ዐይን ክፍት የነበረው የሳይንስ መሣሪያ የሰው መስቀያ ይሆናል። ድርሰቱ ምሥጢራዊ ማኅበራትን፣ ሃይማኖትንና ሳይንስን በአንድ ድር ያጠላለፈ በመሆኑ፣ በመልኩ ከሤራ ልብ ወለዶች ጎራ ይመደባል። በውስጡ ያነሣው ጥያቄ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ሐሰት መሆኑን እያወቀ፣ ለጨዋታ ብቻ ብሎ ሐሰትን የፈጠረ ሰው፣ ሌላው ያንን አምኖ ለሚፈጽመው በደል ተጠያቂ ነውን?

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቤልቦ፣ ዲዮታሌቪና ካዞቦን የተባሉ ሦስት የተማሩ ሰዎች ሚላኖ ውስጥ በአንድ አሳታሚ ድርጅት በአርታዒነት ይሠራሉ። ከጠረጴዛቸው ላይ ከሚደርሱት ጽሑፎች ብዙዎቹ ዓለምን በስውር የሚገዛውን ኃይል አገኘነው የሚሉ ሰዎች ድርሰቶች ናቸው። ከዕለታት አንድ ቀን ኮሎኔል አርደንቲ የሚባል ሰው፣ ፕሮቫን በተባለች የፈረንሳይ ከተማ ከምድር በታች ተገኘ የሚለውን፣ ፊደሉ እዚህም እዚያም የጠፋ ብጣሽ ጽሑፍ ቅጂ ይዞ ይመጣል። እንደ ኮሎኔሉ አባባል፣ ጽሑፉ በመካከለኛው ዘመን የጠፉት የቤተ መቅደስ ፈረሰኞች (ቴምፕላሮች) ለመጪዎቹ መቶ ዓመታት የዘረጉት የስውር ዕቅድ ቁልፍ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሦስቱ ጓደኛሞች በእንዲህ ዓይነቱ ድርሰት ላይ ለመሳለቅ፣ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ የሤራ ታሪክ ራሳቸው ለመፍጠር ይነሣሉ። ከዚህም ከዚያም የለቀሙትን ዐረፍተ ነገር ወደ ኮምፒዩተር ያስገባሉ፤ መሣሪያው እንደ ዕጣ እያወጣ ያቀላቅልላቸዋል፤ እነርሱም የማይገናኘውን ያገናኛሉ። የፈረሰኞቹ መጥፋት፣ የአይሁድ የምሥጢር ትምህርት፣ የሳይንስ ግኝቶችና የአውሮፓ ጦርነቶች ሁሉ የአንድ «ዕቅድ» ቅርንጫፎች ሆነው ይገኛሉ።

ጨዋታው ሲጀመር ሳቅ ነበር። ሣሩን ሲያዩ ግን ገደሉን አላዩም። ቤልቦ ከፊሉን በቅናት፣ ከፊሉን በኩራት ተገፋፍቶ፣ አልዬ ለተባለ የምሥጢር ትምህርት አዋቂ ነኝ ባይ ቁልፉ በእጁ መሆኑን ያስወራል። አልዬና መሰሎቹ ያምናሉ። ቤልቦን ወጥመድ ውስጥ አስገብተው ፓሪስ ያደርሱታል፤ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ፣ በኋላም የሳይንስና የእጅ ሙያ ሙዚየም በሆነ ሕንፃ ውስጥ፣ ከተንጠለጠለው ፔንዱለም ሥር በሌሊት አቁመው ምሥጢሩን አውጣ ይሉታል። የሚያወጣው ምሥጢር የለውም። በተፈጠረው ግርግር የፔንዱለሙ ሽቦ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ይሞታል።

እዚህ ላይ ለሦስቱ ሰዎች ጥብቅና የሚቆም አይጠፋም። ጠበቃቸው ሊል የሚችለው ይታወቃል። ሰዎቹ ማንንም አልገደሉም፤ ማንንም ግደሉ አላሉም፤ የፈጠሩትም ነገር ሞኝ እንኳ ሊያምነው የማይገባ ቅዠት ነው። ነፍስ ያጠፋው ያመነው እንጂ የፈጠረው አይደለም። ከዚህም በላይ፣ ፈጣሪ ሁሉ በአንባቢው ስሕተት የሚጠየቅ ከሆነ፣ ተረት የሚናገር አያት፣ ትያትር የሚጽፍ ደራሲ፣ ጭራቅ የሚሥል ሠዓሊ ሁሉ ከፍርድ አያመልጥም። ኪነ ጥበብም ያበቃላታል።

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። የሚመለሰውም ፈጠራን በማውገዝ ሳይሆን፣ ፈጠራና ማታለል የሚለያዩበትን ድንበር በማየት ነው። ድንበሩን ደግሞ የኢትዮጵያ ባላገር ተረት ነጋሪ ከማንም አሳምሮ ያውቀዋል። ማታ በእሳት ዳር «ተረት ተረት» ብሎ ሲጀምር፣ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሱለታል። በዚህች አጭር ምልልስ ተናጋሪና አድማጭ ውል ይዋዋላሉ፦ ከዚህ በኋላ ዝንጀሮ ቢዳኝ፣ ቀበሮ ብትመነኩስ፣ ማንም ማንንም ውሸታም አይልም። ሲጨርስም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። የገባበትን በር ይዘጋል ማለት ነው። ልጁ ጭራቁን በረት ውስጥ ትቶ፣ ጥበቡን ይዞ ወደ መኝታው ይሄዳል። ተረት ሐሰት የማይሆነው እውነት ስለ ሆነ አይደለም፤ በሩ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜ ስለሚታወቅ ነው።

የሦስቱ አርታዒዎች ጥፋትም እዚሁ ላይ ነው። ተረት ተረት ሳይሉ ጀመሩ፤ ሲጨርሱም ተረታቸውን አልመለሱም። ለሰሚው የሰጡት በተረት ስም ሳይሆን በታሪክ፣ በሰነድና በምርምር ስም ነው። ራሳቸውም ቢሆኑ ከጊዜ በኋላ በሩ የት እንደ ነበረ ጠፋቸው፤ የፈጠሩት «ዕቅድ» በሚያዩት ነገር ሁሉ ውስጥ ይታያቸው ጀመር። ያታለለ ሰው መጀመሪያ የሚያታልለው ራሱን ነው።

ይህ የኤኮ ሥጋት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2003 ዓ.ም. የታተመውና በብዙ ሚሊዮን ቅጂ የተሸጠው የአሜሪካዊው ዳን ብራውን ልብ ወለድ «የዳ ቪንቺ ኮድ»፣ ታሪኩን ከመጀመሩ በፊት «እውነታ» የሚል ገጽ አስቀድሟል። በዚያ ገጽ ላይ «የጽዮን ገዳም» የተባለ ምሥጢራዊ ማኅበር በ1099 ዓ.ም. የተመሠረተ እውነተኛ ድርጅት መሆኑ ተጽፏል። ነገር ግን በዚህ ስም የሚታወቀው ማኅበር ፈረንሳይ ውስጥ በሕግ የተመዘገበው በ1956 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጥንታዊነቱን ያስረዳሉ የተባሉትም ወረቀቶች በ1960ዎቹ ዓመታት ተፈብርከው በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡ ናቸው። ኤኮ ስለ ብራውን ተጠይቆ፣ ሰውዬው ከራሱ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት አንዱ ነው በማለት ቀልዷል። ቀልዱ ግን ቁም ነገር አለው። አንዱ ደራሲ በሤራ የሚያምን ሰው ምን እንደሚደርስበት ሲያሳይ፣ ሌላው አንባቢውን ያንኑ ሰው እንዲሆን ይጋብዘዋል። ሁለቱን የሚለያቸው የመጽሐፉ ውፍረት ወይም የቋንቋው ክብደት ሳይሆን፣ ያቺ አንዲት ገጽ ናት።

አንዲት ገጽ ምን ጉዳት ታመጣለች የሚል ቢኖር፣ ታሪክ መልስ አለው። በ1864 ዓ.ም. ሞሪስ ዦሊ የተባለ ፈረንሳዊ የሕግ ባለሙያ፣ ማኪያቬሊና ሞንተስኪዩ በሲኦል ሲወያዩ የሚያሳይ መጽሐፍ ጻፈ። ዓላማው የንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊን አምባገነንነት ለመንቀፍ ነበር፤ በዚህም ታሠረ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ አይሁድ ሤራ አንድም ነገር የለም። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ሄርማን ጎድሸ የተባለ ጀርመናዊ፣ በብዕር ስም ባሳተመው «ቢያሪትዝ» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ፣ የአሥራ ሁለቱ ነገደ እስራኤል ተወካዮች በፕራግ የመቃብር ቦታ በሌሊት ተሰብስበው ዓለምን ለመግዛት ሲዶልቱ የሚያሳይ ምዕራፍ ጻፈ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ያ ምዕራፍ ከልብ ወለዱ ተነጥሎ በሩስያ ለብቻው ታተመ፤ ከዚያም የአንድ የአይሁድ መምህር እውነተኛ ንግግር ተደርጎ ይዞር ጀመር። በ1903 ዓ.ም. በሩስያ ጋዜጣ ላይ የወጣው «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የተባለው የሐሰት ሰነድ፣ ቃሉን በብዛት ከዦሊ ቀድቶ፣ መንፈሱን ከእንዲህ ዓይነቱ የመቃብር ቦታ ተረት የወረሰ ነው።

በ1921 ዓ.ም. የለንደኑ «ታይምስ» ጋዜጣ የዦሊን መጽሐፍና የሐሰቱን ሰነድ ጎን ለጎን አቅርቦ ስርቆቱን አጋለጠ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ያን ጊዜ እውነቱ ጠርቶ ነበር፤ ማየት ያልፈለገውን ግን ንጋት አያነቃውም። የናዚ ፓርቲ ሐሰት መሆኑ የተረጋገጠውን ይህንኑ ጽሑፍ ለቅስቀሳው ደጋግሞ አሳተመው። ከዚያም በኋላ 6 ሚሊዮን የሚሆኑ አይሁዳውያን በግፍ ተጨፈጨፉ። እርግጥ ነው፣ ይህን ያህል እልቂት አንድ መጽሐፍ ብቻውን አያመጣም። ገዳዩ ግን እጁን ከማንሣቱ በፊት ኅሊናውን የሚያስተኛበት ታሪክ ያስፈልገው ነበር፤ ታሪኩን ተዘጋጅቶ አገኘው።

ከዚህ የዘር ሐረግ የኃላፊነትን ደረጃ መለየት ይቻላል። ዦሊ የሚጠየቅበት ነገር የለም፤ የጻፈውን በግልጽ የውይይት ድርሰት አድርጎ ጻፈ፣ የተነቀፈውም ያለ ጥርጥር የታወቀ ገዥ ነበር። ጎድሸ ምንም እንኳ ልብ ወለድ ብሎ ቢጽፍ፣ ጭራቁን ከምናብ ሳይሆን ከጎረቤቶቹ መካከል መርጦ አንድን ሕዝብ የጥላቻ ዒላማ አድርጓልና ንጹሕ አይደለም። ምዕራፉን ከልብ ወለዱ ገንጥሎ ሰነድ ያደረገው ደግሞ የተረቱን በር በገዛ እጁ የነቀለ ነው። አውቆ ያሠራጨውም፣ ሊመረምር ሲችል ያልመረመረውም፣ በስሙ የገደለውም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የአንዱ ድርሻም የሌላውን አያቀልም። ጭነት ሲጋሩት ይቀላል፤ ጥፋት ግን ሲጋሩት አይቀልም።

ይሁንና ጥያቄው በፈጣሪው ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ሰው ስለምን ይህን ያህል የስውር እጅ ታሪክ ይወዳል? ዋጋ ሲንር፣ ጦርነት ሲነሣ፣ ወረርሽኝ ሲገባ፣ ምክንያቱ ብዙና የተወሳሰበ ነው፤ ከፊሉም ከራሱ ከሰውየው ቸልተኝነት ይመነጫል። አንድ ስውር እጅ ግን ሁሉን በአንድ ጊዜ ያስረዳል። የሚያምንበትንም ሰው ሁለት ነገር ይሰጠዋል፦ ሌላው ያላወቀውን ያወቀ የመሆን ኩራትና ምንም ባለማድረጉ ያለመወቀስ ዕረፍት። ዓለም በሙሉ ከመጋረጃ በስተጀርባ በተቀመጡ ጥቂት ሰዎች የምትዘወር ከሆነ፣ ከመጋረጃው ፊት ያለው ሰው ምን ይጠየቃል?

የስውር እጅ ታሪክ ለአማኙ ይህን ሲሰጥ፣ ከግልጹ እጅ ሁለት ነገር ይሰርቃል። የመጀመሪያው በደል ነው። የቤተ መቅደስ ፈረሰኞችን ጉዳይ ብንመለከት፣ ጥቅምት 13 ቀን 1307 ዓ.ም. በመላው ፈረንሳይ የታሠሩት በንጉሥ ፊሊጶስ አራተኛ ግልጽ ትእዛዝ ነው። ንጉሡ ገንዘብ እጅግ የቸገረው፣ ለማኅበሩም ባለዕዳ የነበረ ሰው ነው። ታሳሪዎቹ በሥቃይ ብዛት የተባሉትን ሁሉ አመኑ፤ በ1312 ዓ.ም. ማኅበሩ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ውሳኔ ፈረሰ፤ በ1314 ዓ.ም. አለቃቸው ዣክ ደ ሞሌ በእሳት ተቃጠለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተሰወረ ነገር እምብዛም የለም። የዕዳ፣ የሥልጣንና የሥቃይ ታሪክ ነው፤ ያዘዘውም፣ የፈረመውም፣ እሳቱን ያስነደደውም ይታወቃል። የሤራ ልብ ወለድ ግን ሟቾቹን የዘላለም ምሥጢር ባለቤቶች ሲያደርጋቸው፣ ንጉሡን ከታሪኩ መሐል ገፍቶ ጥግ ያስይዘዋል። የተገደሉት ይረቀቃሉ፤ ገዳዩ ይረሳል።

ሁለተኛው የሚሰረቀው ሥራ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ግራሃም ሀንኮክ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1992 ዓ.ም. ስለ ታቦተ ጽዮን ባሳተመው መጽሐፍ፣ እነዚሁ ፈረሰኞች ከንጉሥ ላሊበላ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንደ ነበር፣ በውቅር አብያተ ክርስቲያኑም ሥራ እጃቸው ሊኖርበት እንደሚችል ጽፏል። ለዚህ ግምት የግንባታ ማስረጃ የለውም። በአንጻሩ በአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የጠራቢዎቹ መሣሪያ ያሳረፈው ምልክት ዛሬም ይታያል፤ በትግራይም ብዙ አጥኚዎች ከላሊበላ ዘመን የቀደሙ የሚሏቸው፣ እንደ ውቅሮ ጨርቆስ ያሉ የአለት ሥራዎች አሉ። ጥበቡ በአገሩ ውስጥ የአደገበት መንገድ በድንጋይ ላይ ተጽፏል ማለት ነው።

እዚህ ላይ፣ የአገሬው ትውፊትስ መላእክት ረድተዋል ይል የለምን? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ይላል። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ ማለት ይገባል። በትውፊቱ መላእክቱ የሚመጡት በሌሊት ነው፤ ቀን ቀን የሚጠርበው ሰው ነው። መላእክቱ የሰውን ድካም አይሽሩም፤ ይባርኩታል እንጂ። የስውር ማኅበሩ ታሪክ ግን ጠራቢውን ከነመዶሻው አስወጥቶ ሌላ ሰው በቦታው ያቆማል። ስሙ ያልተመዘገበ ሠራተኛ የቀረው ቅርስ ያ ጠርቦ ያቆመው አለት ብቻ ነው። እርሱንም መውሰድ፣ ለጨዋታም ቢሆን፣ በደል ነው።

እንግዲህ ሤራ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም ማለት ነውን? እንዲህ ማለት ሌላ ሐሰት ይሆናል። ኤኮ ይኖርበት በነበረው በኢጣሊያ፣ በመጋቢት 1981 ዓ.ም. የአገሪቱ መርማሪዎች የሊቾ ጄሊን ይዞታዎች ሲፈትሹ «ፒ ሁለት» የተባለው ስውር ማኅበር የአባላት ዝርዝር ተገኘ፤ በውስጡም ሚኒስትሮች፣ የጦር መኮንኖችና ባለ ባንኮች ይገኙበታል። ኢትዮጵያም ብትሆን የእውነተኛ ድብቅ ድርድር ሰለባ ሆናለች። በታኅሣሥ 1935 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጦር አገሪቱን መውረር ከጀመረ ከሁለት ወር በኋላ፣ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒዬር ላቫል፣ ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ቆርሰው ለሙሶሊኒ ለመስጠት ፓሪስ ላይ በድብቅ ተስማሙ። ነገሩ በጥቂት ቀን ውስጥ በፈረንሳይ ጋዜጦች ወጣ፤ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ፤ ሆር በዚያው ወር ከሥልጣኑ ለቀቀ።

እውነተኛው ሤራ ከምናባዊው የሚለየው በዚህ ነው። እውነተኛው ሤራ ስም፣ ቀንና ወረቀት አለው፤ የሚፈልገው ጥቅም የታወቀ ነው፤ ሰዎች የሚያካሂዱት በመሆኑም ይሳሳታል፣ ይጣላል፣ ይጋለጣል። ምናባዊው ግን አይሳሳትም፤ ለሺህ ዓመት ምሥጢሩ አይወጣም፤ ማስረጃ ሲጠፋ መጥፋቱ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። የመጀመሪያውን ያወቀ ሰው የሚያደርገው ነገር አለ፤ ይቃወማል፣ ይከሳል፣ ያጋልጣል። ሁለተኛውን ያመነ ሰው ግን ወይ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ወይ ጎረቤቱን ይጠረጥራል። ከዚህም የተነሣ ምናባዊው ሤራ ለእውነተኞቹ ሤረኞች ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ሕዝብ በጨረቃ ላይ ያለውን ጠላት ሲፈልግ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ያለው ሳይታይ ይፈርማል።

የተሰወረ ትርጉም መፈለግም በራሱ ነቀፋ አይደለም። በሰምና ወርቅ ያደገ ሕዝብ ይህን ሊነገረው አያሻም። ነገር ግን ቅኔ ሕግ አለው። ሰሙ ብቻውን ሊቆም የሚችል ትርጉም ሊኖረው ይገባል፤ ወርቁም ከሰሙ ቃል ውስጥ የሚወጣ እንጂ ከሰሚው ምኞት የሚጨመር አይደለም። ተማሪው ወርቅ አገኘሁ ሲል፣ መምህሩ የተሸከመውን ቃል አሳየኝ ይለዋል። ማሳየት ካልቻለ ወርቅ አላገኘም። የሤራ አማኝ ግን መምህር የሌለው ተማሪ ነው፤ ዓለምን በሙሉ ሰም ያደርጋታል፣ ከአንዱ ምሥጢር በታች ሌላ ምሥጢር ሲፈልግ ወርቁ ላይ ሳይደርስ ያረጃል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ያሉ አባቶች፣ ለሰሚው ትተውለት የሄዱት ይህንኑ የመመርመር ግዴታ ነው።

በኤኮ ልብ ወለድ ውስጥ የቅኔ መምህሩን ሥራ የምትሠራው የካዞቦን ልጅ እናት ሊያ ናት። ያንን የፕሮቫን ብጣሽ ወረቀት ተቀብላ፣ የከተማይቱን የድሮ ንግድ ከአንድ የመንገደኞች መምሪያ አንብባ፣ ጽሑፉን በጥሞና ትመረምረዋለች። የምታገኘውም የአንድ ነጋዴ ዝርዝር ነው፦ ድርቆሽ፣ ጨርቅና ጽጌረዳ ለእነ እገሌ የሚደርስበት የመንገድ ማስታወሻ። ይህ የመጽሐፉ ልብ ነው። የዓለም ቁልፍ የተባለው ነገር ለገበያ የሚሮጥ ሰው ማስታወሻ ሆኖ ሲገኝ፣ ወረቀቱ ዋጋው አልቀነሰም፤ ይልቁንም ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ጋሪ የጫነ፣ ጨርቅ የሸጠ፣ አበባ ያደረሰ እውነተኛ ሰው ከውስጡ ብቅ አለ። ግልጹ እጅ ታየ ማለት ነው።

ሊያ ግን ዘገየች፤ ወይም ካዞቦን እርሷን ለመስማት ዘገየ። ዲዮታሌቪ በካንሰር ታሞ፣ በቅዱስ ቃል ላይ ስለ ቀለደ የገዛ አካሉ ሕዋሳት እንዳመፁበት እየተናዘዘ ይሞታል። ይህ የሳይንስ ማብራሪያ አይደለም፤ ዕዳውን የተገነዘበ ሰው ጸጸት ነው። ቤልቦም ከፔንዱለሙ ሥር ሲቆም አንድ ምርጫ ይቀርብለታል። ለነዚያ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ሐሰት ቢነግራቸው ምናልባት ያድሩለታል፤ ሐሰት መፍጠር ደግሞ ሙያው ሆኗል። እርሱ ግን እምቢ ይላል። ለጨዋታ ብሎ ብዙ የፈጠረ አንደበት፣ ለሕይወቱ ሲል እንኳ አንድ ለመጨመር አልፈቀደም። ተረቱን ለመመለስ የቀረው መንገድ ይህ ብቻ ነበር፤ መለሰውም። የከፈለው ዋጋ ግን በሩ ገና ሲከፈት ቢዘጋ ኖሮ ከአንዲት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም ነበር፦ «ይህን እኛ ፈጠርነው።»

ከሞት የተረፈው ካዞቦን በመጨረሻ ላይ በፒዬሞንቴ ኮረብታ ባለው የቤልቦ የገጠር ቤት ተቀምጦ አሳዳጆቹን ሲጠብቅ ይታያል። ምሥጢር የለም ቢላቸው እንደማያምኑት ያውቃል። ሐሰትን መፍጠር በፈጣሪው እጅ ነው፤ መሻሩ ግን በእጁ አይደለም።

ስለዚህ በመነሻው ለቀረበው ጥያቄ መልሱ፣ አዎ፣ ተጠያቂ ነው የሚል ይሆናል። ተጠያቂነቱ ከገዳዩ ጋር እኩል አይደለም፤ የገዳዩንም አይቀንስለትም። ነገር ግን የራሱ የሆነ ዕዳ አለበት። ይህም ዕዳ ምናብን ከመጠቀም የሚመጣ ሳይሆን፣ ምናቡን በእውነት ስም ከመሸጥ የሚመጣ ነው። ደራሲ ጭራቅ ይፍጠር፤ ተረት ተረት ብሎ ይጀምር፣ ሲጨርስም ይመልስ። መምህር የተሰወረ ትርጉም ያስተምር፤ የተሸከመውን ቃል ግን በጣቱ ያሳይ። በመድረክ ላይ ቆሞ ለሕዝብ የሚናገርም ሰው ጠላትን ሲጠራ ስሙን፣ ቀኑንና ወረቀቱን ይጥራ፤ እነዚህ ከሌሉት ዝም ማለትን ይልመድ። አንባቢም ቢሆን ይህን ሁሉ ማን አቀነባበረው ብሎ ከመጠየቁ በፊት ማን ሠራው ብሎ ይጠይቅ።

የፉኮ ሉል አንድ ቅጂ ዛሬም በፓንቴዎን ውስጥ ይወዛወዛል። ከሥሩ የቆመ ሰው ጥቂት ከታገሠ የቆመበት ወለል ሲዞር ያያል። ሽቦው ከላይ የታሠረበት ቦታም ቀና ብሎ ለሚመለከት ሁሉ ይታያል።